ሆድ ያባው

«በዓይኔ በብረቱ ነው ያየሁት። ነጭ ዱቄት ናት። በማንኪያ ትጨምርና ታማስላለች፤ እሱ ደግሞ እንደ ሕፃን ጉንጭ፣ ጉንጭ እያለ ይጠጣላታል።»

ልብስ ሰፊዋ ይህን የሰማችው ቅዳሜ ጠዋት፣ ያጠበቻቸውን ፎጣዎች ልታሰጣ ወደ ኋላ በረንዳ በወጣችበት ሰዓት ነው። የአማቷ መኝታ ክፍል መስኮት የሚከፈተው ወደዚያው በረንዳ ነው። አማቷ አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ከሴት ልጃቸው ጋር በስልክ ያወራሉ። ጆሯቸው ደከም ስላለ ስልኩን ድምፁን ከፍተው ነው የሚያወሩት፤ ስለዚህ የልጅቱም መልስ እንደ ሬዲዮ ዜና ጥርት ብሎ ይሰማል። ልብስ ሰፊዋ መጀመሪያ ስለ ሌላ ሰው የሚወራ መስሏት ነበር። ቀጥሎ በመጣው ቃል ላይ እጇ እንደተዘረጋ ገመዱ ላይ ቀረ።

«ክኒንም ትደቁሳለች» አሉ አማቷ። «በማንኪያ ጀርባ ልም አድርጋ ደቁሳ፣ ግራና ቀኝ አይታ ነው የምትጨምረው። ንጹሕ ሰው ግራና ቀኝ ምን ያሳየዋል?»

«እማዬ፣ ቆይ እስቲ። እርግጠኛ ነሽ?»

«አባትሽ እንዲህ ነው የጀመረው። መጀመሪያ ቀበቶው፣ ቀጥሎ ጉንጩ፣ ከዚያ አፈር። የእሱስ የእግዜር በሽታ ነው። ይሄኛው ግን የሰው እጅ አለበት። ከዱቄቷ ቆንጥሬ በመሐረቤ ቋጥሬያለሁ። ለጎረቤት ድመትም በወተት በጥብጬ ሰጥቻት ነበር፤ ከሐሙስ ወዲህ ድመቷን ያያት የለም።»

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ እመጣለሁ» አለች ልጅቱ። «እስከዚያ ምንም እንዳትናገሪ። የምትበዪውንም ራስሽ አብስይ።»

ፎጣው ውሃውን እግሯ ላይ እያንጠባጠበ ልብስ ሰፊዋ እንደቆመች ቀረች። ከዚያ ምንም እንዳልሰማች ሰው ፎጣዎቹን አንድ በአንድ አሰጣች፤ ማያያዣውንም ሳታጎድል ሰካች። የመጀመሪያ ሐሳቧ፣ ለራሷም እንደገረማት፣ ቁጣ አልነበረም። ማንኪያው ነበር። ሐሙስ ዕለት የዱቄቱን ጣሳ ስትከፍት ማንኪያው ሁልጊዜ ከምትተወው ጎን አልነበረም፤ ዱቄቱም የተቆነጠረ ይመስል ነበር። ያኔ የጠረጠረችው ባሏን ነው። ተደብቆ ያለ መጠኑ የሚጠጣ መስሏት ለሁለት ቀን ፊት ነስታዋለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባሏ የመኪና መንዳት አሠልጣኝ ነው። ከስድስት ወር በፊት መቶ አርባ ስምንት ኪሎ ይመዝን ነበር። ትንሿ የማሠልጠኛ መኪና እሱ ወደ ተቀመጠበት ስለምታዘነብል፣ ተማሪዎቹ ቀጥ ብሎ መንዳት የሚለምዱት መሪውን ወደ ሌላው ጎን ሳብ እያደረጉ ነው ተብሎ ይቀለድ ነበር። ያወጡለት ስም «ኤርባግ» ነው። በስሙ ከማንም ቀድሞ የሚስቀው እሱ ራሱ ነበር። ሚስቱ ግን አትስቅም፤ ተኝቶ ሳለ ትንፋሹ ቀጥ ሲል ከጎኑ ነቅታ እስኪመለስ ድረስ የምትጠብቀው እሷ ናት። ስኳሩ ወጣ፣ ጉልበቱ ከዳው፣ በመጨረሻ ሐኪሙ ከጨጓራው አብዛኛውን ቆርጦ ለማውጣት ቀጠሮ ያዘለት። ሐኪሙ በወረቀት ላይ ሥዕል እየሣለ ሲያስረዳት የገባት በራሷ ሙያ ቋንቋ ነው፤ ሰፊውን ቀደው፣ ትርፉን ጥለው፣ የቀረውን አጥብበው ይሰፉታል። ለዘመድ አዝማድ «ለሥልጠና ሌላ ከተማ ሄዷል» ተባለ። ከዚያ ወዲህ ዋና ምግቡ ሐኪሙ ያዘዘለት በውሃ የሚበጠበጥ የፕሮቲን ዱቄት ነው፤ ክኒኑም ካልተደቆሰ አይወርድለትም። ከሆስፒታል ሲወጣ ሚስቱን አስማላት። «ሆዱን መቻል ቢያቅተው ሆዱን አስቆረጠ ከሚሉኝ ብሞት ይሻለኛል» አላት። ለማንም ላትናገር ማለች። በተለይ ለእናቱ። እናቱ ለሰባት ወር እየመነመነ የሞተ ባል አስታመው የቀበሩ ሴት ናቸው፤ ለእሳቸው ሰው ቀጠነ ማለት መሞት ጀመረ ማለት ነው።

ሁሉም ነገር በሰላም ያልፍ ነበር፣ እናትየው ይኖሩበት የነበረው የሴት ልጃቸው ቤት አራተኛ ፎቅ ሆኖባቸው፣ «ጉልበቴ ደረጃውን እምቢ አለ» ብለው ከሁለት ወር በፊት ሻንጣቸውን ይዘው ወደ ወንድ ልጃቸው ቤት ባይመጡ ኖሮ። በሩን የከፈተላቸው ልጃቸው ነው፤ እሳቸው ግን ትከሻውን አልፈው ወደ ውስጥ እያዩ «ልጄ የለም እንዴ?» አሉት።

ልብስ ሰፊዋ ከበረንዳው ተመልሳ ወጥ ቤት ስትገባ ባሏ ወንበሩ ላይ ትራስ አድርጎ ተቀምጧል። ሥጋው ከሄደ ወዲህ ደረቅ ወንበር አጥንቱን ይወጋዋል፤ ጠዋት ጠዋትም ስለሚበርደው ሹራብ ላይ ጃኬት ይደርባል። ፊቱ ያለው የተቀቀለ እንቁላል ግማሹ ነው፤ እሱንም እንደ ሰዓት ሠሪ በማንኪያ ጫፍ እየቆረሰ፣ ያኘከውን ደግሞ እያኘከ ሩብ ሰዓት ይፈጅበታል። አንዲት ማንኪያ ካሳለፈ ደረቱ ላይ ይቆምና ላብ ያጠምቀዋል፤ ከዚያ መታጠቢያ ቤት ገብቶ ቧንቧውን ይከፍታል፣ እናቱ እንዳይሰሙ። እናቱ ግን ይሰማሉ። የቧንቧውንም ምክንያት ያውቃሉ፤ የማያውቁት የምክንያቱን ምክንያት ብቻ ነው።

«እናትህ መርዝ ታበላዋለች እያሉ ነው» አለችው በሹክሹክታ። «እህትህም ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትመጣለች። በጆሮዬ ሰማሁ።»

ማንኪያውን አስቀመጠና ሳቀ። የድሮው ሳቁ ሆዱን ይዞ የሚነቀንቅ ነበር፤ የአሁኑ ከአንገት በላይ ነው። «እማዬ እኮ ናት! ፊልም ስለምታበዛ ነው።»

«ንገራቸው።»

«እነግራታለሁ። በዚህ ሳምንት።»

«ባለፈው ሳምንትም በዚህ ሳምንት ነበር ያልከው።»

በዚህ መሀል የአማቷ ከዘራ በኮሪደሩ ኳ፣ ኳ አለ። አማቷ ገቡ፤ ደህና አደራችሁ ብለው ተቀመጡና እጃቸውን ከዘራው ላይ ደራርበው የልጃቸውን ጉሮሮ ያዩ ጀመር። ዱቄቱ የተበጠበጠበት ኩባያ ወደ አፉ ሲሄድ ዓይናቸው አብሮ ይሄዳል፣ ሲወርድ አብሮ ይወርዳል። «ምን ምን ይላል እሱ?» አሉት። «ቫኒላ» አላቸው። ወደ ምራታቸው ዞረው ፈገግ አሉ፤ ልብስ ሰፊዋ በሁለት ወር ውስጥ እንዲህ ያለ ፈገግታ ስንቴ እንዳለፋት፣ ሁሉንም በደግነት እንደተረጎመችው ያን ጊዜ ታሰባት።

ባሏ ሲወጣ ሽቶ ነካ አድርጓል። ድሮ ሽቶ አያውቅም። የጋብቻ ቀለበቱም ከጣቱ እየሾለከ ሁለት ጊዜ ስለወደቀ መሳቢያ ውስጥ ገብቷል፤ ይህን ያደረገችው ራሷ ናት፤ ቢሆንም ዛሬ ባዶ ጣቱን በሩ እጀታ ላይ ስታየው ደስ አላላትም። ቅዳሜ ቅዳሜ «ተማሪ ይበዛል» እያለ ምሳ ሰዓት አይመጣም። ሲመጣ ልብሱ የተጠበሰ ሥጋ፣ የተጠበሰ ሽንኩርት ይሸታል። ግማሽ እንቁላል የሚበቃው ሰው ጥብስ ቤት ምን ያደርጋል?

የምትሠራበት ሱቅ ከአንድ ሕንፃ ደረጃ ሥር የተወሸቀ ነው፤ ጣሪያው በስተጀርባ በኩል ስለሚያዘቀዝቅ የካውያው ጠረጴዛ ጋ የሚደርስ ሰው አንገቱን ሰበር ማድረግ አለበት። ሁለት የስፌት መኪና፣ አንድ መስታወት፣ በመጋረጃ የተከለለ የመለኪያ ቦታ፣ ግድግዳው ላይ በቀለም የተደረደረ ክር፣ ይኸው ነው። ከእሷ ጋር የምትሠራው ዚፕ ቀያሪዋ ናት፤ ሁለት ጊዜ የፈታች፣ ምላሷ ከመቀሷ የማይተናነስ ሴት። ልብስ ሰፊዋ የደንበኛ ሥራ ስታጠናቅቅ ከቦርሳዋ የባሏን ሱሪ አወጣች። ሦስተኛ ጊዜው ነው። ሱሪ አንዴ ቢጠብ አይታወቅም፤ ሁለቴ ቢጠብ ባለሙያ ብቻ ያውቀዋል፤ ሦስተኛ ላይ ግን የኋላ ኪሶቹ እርስ በርስ እየተጠጉ ሊሳሳሙ ይደርሳሉ። ኪሶቹን ፈትታ ከማንሳት በቀር መላ የለውም።

«አዲስ ቢገዛ አይሻለውም?» አለች ዚፕ ቀያሪዋ።

«አሁንም እየቀነሰ ነው። የአንዷ የዱቄት ጣሳ ዋጋ...» አለችና ምላሷን ነከሰች። «ስፖርት ይሠራል አላልኩሽም?»

«ብለሽኛል።» ዚፕ ቀያሪዋ ክሩን በጥርሷ በጠሰች። «የኔዋ እህት፣ ወንድ ልጅ ለሚስቱ ብሎ ሲቀጥን አይቼ አላውቅም። ያገባሽው በሆዱ አይደል? ታዲያ ለማን ብሎ ነው የሚያጠፋው? ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው እናቴ። የእኔ ሁለተኛው ባል የጀመረው ጥርሱን በማሳጠብ ነው።»

ልብስ ሰፊዋ ሳቀችላት። ግን ኪሱን ከመፍታቷ በፊት ውስጡን ፈተሸች፤ የሙያ ልማድ ነው፣ ማንም ልብስ ሰፊ ኪስ ሳይፈትሽ መቀስ አያነሣም። ሰባት የወረቀት ናፕኪን ወጣ። ተጣጥፈዋል፣ አልተጠቀሙባቸውም፤ በሁሉም ላይ የአንድ ምግብ ቤት ምልክት ታትሟል። በአንዱ ጠርዝ ላይ ግን ቀይ ነገር አለ። ከንፈር የሚያክል። ዚፕ ቀያሪዋ አንገቷን ስታሰግግ፣ ልብስ ሰፊዋ ናፕኪኑን ወደ መስኮቱ ወስዳ አየችው፣ ቀጥሎም ማንም ያያል ሳትል አሸተተችው። ቲማቲም ነው። ቲማቲም መሆኑ ግን አላረጋጋትም፤ የሰው ከንፈርም እኮ ቲማቲም ይነካል።

ምግብ ቤቱን ታውቀዋለች፤ ከማሠልጠኛው ሜዳ ማዶ፣ ከጎሚስታው ሱቅ ጎን ነው። ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ የስፌት መኪናዋን ሸፍና ወጣች። መንገዱን በሙሉ የምትለውን ስትደረድር ሄደች፤ ለእሱ የምትለውን፣ ለሴትየዋ የምትለውን፣ ምንም ሳትል ብትመለስ ደግሞ እንዴት እንደምትመለስ። አንድ ነገር ብቻ አልለቅ አላት። ጠዋት አማቷ ያለ ማስረጃ ጠረጠሩኝ ብላ ስታር፣ ይኸው እሷም እኩለ ቀን ላይ በናፕኪን ማስረጃ ባሏን ልትይዝ እየሄደች ነው።

ከውጭ፣ በምግብ ቤቱ መስታወት አየችው። ከግድግዳ ጥግ፣ ለሁለት ሰው በሚሆን ጠረጴዛ ላይ ፊቱን ወደ መንገዱ አድርጎ ተቀምጧል። ጠረጴዛው ላይ ቦታ የለም፤ ሩዝ፣ አንድ ሙሉ የተጠበሰ ዶሮ፣ ድንች፣ ሰላጣ፣ ዳቦ። ፊት ለፊቱ ያለው ሰው በምሰሶ ተከልሏል። ባሏ ወደዚያ ሰው ጎንበስ ብሎ፣ ዓይኑን ሳይነቅል፣ ከንፈሩን ከፈት አድርጎ ያያል። እንዲህ ሲያይ የምታውቀው በእጮኝነታቸው ጊዜ ነው። በሩን ገፍታ ገባች።

ከምሰሶው ጀርባ የወጣው እጅ ጥፍሩ በጎማ ጥቁረት የተበላ፣ መዳፉ የድስት ክዳን የሚያክል እጅ ነበር። ጎሚስታው ነው፤ የባሏ የድሮ የምሳ ጓደኛ፣ ራሱም ከመቶ ሠላሳ ኪሎ የማይወርድ።

«አይ፣ እንደሱ አይደለም» ይላል ባሏ። «መጀመሪያ ከቆዳው፣ ከዚያ በዳቦው መረቁን ጥረግበት። አዎ። አሁን ቀስ ብለህ አኝከው። ምን ይላል?»

«ቆዳው ደህና ተጠብሷል» አለ ጎሚስታው አፉ ሞልቶ። «ውስጡ ግን ትንሽ ደርቋል።»

«ከድንቹ ጋር ቢሆንስ?»

«ከድንቹ ጋር ይሄዳል።»

ባሏ ዓይኑን ጨፈነ፤ ጉሮሮው ላይ ያለችው አንጓ ወጣ ወረደች። ባዶ ዋጠ። እፊቱ አንዲት የውሃ ብርጭቆ ብቻ አለች፣ እሷም አልተነካችም። ዓይኑን ሲገልጥ ሚስቱ ቆማለች።

ጎሚስታው ጨዋ ሰው ነው፤ ነገሩን ባንድ እይታ ተረድቶ አፉን ጠረገና «እጄን ልታጠብ» ብሎ ሄደ። ሄዶም አልተመለሰም። ልብስ ሰፊዋ በእሱ ወንበር ተቀመጠች። ባሏ ከአንገቱ እስከ ጆሮው ቀልቷል፤ ከሴት ጋር ቢያዝ ይህን ያህል አይቀላም።

«እሱ ያውቃል ማለት ነው» አለችው። «እኔን አስምለህ ለጎሚስታ ነገርክ።»

«አልነገርኩትም። ጨጓራዬ ቆስሏል ነው ያልኩት።» ናፕኪን አንሥቶ ማጠፍ ጀመረ። «ስድስት ወር ሙሉ ዱቄት ነው የምጠጣው። ራበኝ አይደለም የምልሽ፣ አይርበኝም። ግን ጠዋት ስነሣ የምጠብቀው ነገር የለም። ድሮ ምሳን እጠብቅ ነበር። ቢያንስ ሲበላ ልይ ብዬ ነው። ሰው ኳስ ሜዳ ገብቶ ያይ የለ? ሴት ብትሆን ይሻልሽ ነበር?»

«ሴት ብትሆን የምለውን አዘጋጅቼ ነው የመጣሁት» አለች። እውነቷን ነው። ለዶሮ የሚሆን ንግግር አልነበራትም። አሳዘናት፤ ወዲያውም አሳዘነኝ ማለቷ አናደዳት። «ዘጠኝ ሰዓት ላይ እህትህ ትመጣለች። ዛሬ አንተ ትናገራለህ። እኔ መሐላዬን አላፈርስም፤ አንተ ነህ የምታፈርሰው።»

«እናገራለሁ» አላት። «በሞቴ፣ ዛሬ እናገራለሁ።»

ቤት ስትመለስ ደረጃው ሥር ካርቶን ውስጥ የሚንጫጫ ነገር ሰማች። ጎንበስ ብላ አየች። የጎረቤቷ ድመት ዓይናቸውን ያልገለጡ ሦስት ግልገሎች አቅፋ ተኝታለች፤ ሰውን ቀና ብላ አየችና ምንም ሳይመስላት መልሳ ተኛች። ልብስ ሰፊዋ አማቷን ጠርታ ልታሳያቸው አሰበች፤ ቀጥሎ ደግሞ «እኔ የድመት ምስክርነት ነው የምለምነው?» ብላ ወደ ቤት ገባች።

እህትየው በሰዓቷ መጣች። የብርቱካን ከረጢት ይዛለች፤ ወጥ ቤት አልገባችም፣ ለወንድሟ ሚስትም አልሰጠችም፣ ሶፋው ጎን እግሯ ሥር አስቀመጠችው። ሳሎኑ ጠባብ ነው። አንድ ባለ ሦስት ሶፋ፣ ሁለት ነጠላ፣ መሀል ላይ ባለ መስታወት ጠረጴዛ፤ ሰው ሲበዛ የሰው ጉልበት ከሰው ጉልበት ይነካካል፣ ዛሬ ግን ሁሉም ጉልበቱን ወደ ራሱ ሰብስቧል። ባልየው ሃያ ደቂቃ ዘግይቶ ገባ። ገብቶ እናቱን ሳመ፣ እህቱን ሳመ፣ ትራሱን አደላድሎ ተቀመጠ። ስለ ዘይት መወደድ ተወራ። ስለ ብርቱካን ተወራ፤ «ድሮ በዚህ ዋጋ ሳጥን ሙሉ ነበር» ተባለ። እህትየው ልጇ በሒሳብ ስንት እንዳመጣ ተናገረች፤ ሁሉም ጎበዝ አሉ። ከዚያ የሚወራ አለቀ። አማቷ ከደረታቸው የተቋጠረ መሐረብ አወጡና መስታወቱ ላይ አስቀመጡት። ስኳር ቢሆን ለአንድ ብርጭቆ ሻይ አይበቃም።

«ይሄን ታውቂዋለሽ?» አለች እህትየው።

«አውቀዋለሁ» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«ምንድን ነው?»

ወደ ባሏ አየች። ሁሉም ወደ እሱ አየ። እሱ ምንጣፉን ያያል። ምንጣፉ ላይ ከጥንት ጀምሮ ያለች የካውያ ቃጠሎ አለች፤ እሷን በጫማው ጫፍ ይሸፍናታል፣ ይገልጣታል። ማቀዝቀዣው ወጥ ቤት ውስጥ ማጉረምረም ጀመረ፤ አጉረመረመ፣ አጉረመረመ፣ ከዚያ ተንቀጥቅጦ ዝም አለ።

«ወንድሜ፣ አንተን ነው። ምን እንደምታጠጣህ ታውቃለህ?»

«ቪታሚን ነገር ነው» አለ ወደ ምንጣፉ። «እንዲሁ... ለጤና።»

«ለጤና!» አሉ እናቱ። «ጤና ሰውን እንዲህ ያደርጋል? ሸሚዝህ ውስጥ እኮ ሁለት ሰው ይገባል! ልጄ፣ እኔ አልተውህም፣ ይዤህ እሄዳለሁ። ዱቄቷም ላቦራቶሪ ትሄዳለች። ድመቷ እንኳ አልተረፈችም!»

«ድመቷ ወልዳ ነው» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ደረጃው ሥር ካርቶን ውስጥ ናት። ሦስት ወልዳለች።»

አንዲት አፍታ እህትየው ልትስቅ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። አማቷ ግን አልተበገሩም። «ወለደች አልወለደች» አሉ፣ ድምፃቸውም ድንገት ወረደ። «አንቺን ነው የምጠይቅሽ። ልጄ ምን አደረገሽ? ምን በድሎሽ ነው በመርዝ የምትገድዪው?»

ቃሉ ወጣ። ጠዋት በመስኮት ነገሩን ስትሰማ ስለ ሌላ ሰው የተወራ ይመስል ነበር፤ አሁን ግን ፊት ለፊቷ፣ በራሷ ሳሎን፣ «አንቺ» ተብሎ ወጣ። አሁን ይናገራል ብላ ጠበቀች። የሚቀጥለው ትንፋሽ ላይ ይናገራል። ባሏ አፉን ከፈተ፣ መልሶ ዘጋው፣ ጫማው ወደ ቃጠሎዋ ተመለሰ። ልብስ ሰፊዋ በዚያች አፍታ ስለ ባሏ አንድ ነገር አወቀች፤ ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ ሆኖ እንኳ ያወቀችውን ነገር ልትረሳው አልቻለችም።

ተነሥታ ወጥ ቤት ገባች። ጣሳውን፣ ማንኪያውን፣ ክኒኑን፣ ውሃውን በትሪ ይዛ መጣችና መስታወቱ ላይ ደረደረች። እያዩዋት ክኒኑን በማንኪያ ጀርባ ደቆሰች፤ ዛሬ ግራና ቀኝ አላየችም። ዱቄቱን ጨመረች፣ መሐረቡንም ፈትታ በላዩ አራገፈችው፣ አማሰለችው። ባሏ ለመጨረስ ግማሽ ሰዓት የሚፈጅበትን ኩባያ ቆማ በአንድ ትንፋሽ ጨለጠችው። አፏን በመዳፏ ጠርጋ ተቀመጠች።

ያን ጊዜ ነው ባልየው የተነሣው። ጃኬቱን አወለቀ፣ ሹራቡን አወለቀ፣ የሸሚዙን ቁልፎች ከታች ወደ ላይ ፈታ። ሆዱ እንደ ረገበ ድንኳን ታጥፎ ወረደ። በላዩ አምስት ትንንሽ ጠባሳዎች፣ እያንዳንዳቸው የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህሉ፣ ገና ሐምራዊ የሆኑ፣ ተበትነዋል።

«ጨጓራዬን ቆርጠው አወጡት» አለ። «አብዛኛውን። በራሴ ፈቃድ ነው። ስኳሩ ሊገድለኝ ነበር። እሷን ዝም በዪ ያልኳት እኔ ነኝ።»

እናቱ ከዘራቸውን ሳይዙ ተነሡ። ቀርበው በመነጽራቸው ሥር አዩ፤ ጣታቸውን ዘርግተው አንደኛዋን ጠባሳ ነኩ፣ ቀጥሎ ሁለተኛዋን። የሚያለቅሱ መስሎ ነበር። አላለቀሱም፤ ተቆጡ። «ይሄን ሆድ የሠራሁት እኔ ነኝ» አሉ። «ዘጠኝ ወር። ከዚያም ወዲህ በእጄ ያጎረስኩት። ማን ፈቀደላቸው? ማንን ጠይቀው ነው የሚቆርጡት?»

«ፈርመን ነው» አለ።

«ማነው 'ን'?» አለች እህትየው።

«እኔ ነኝ የፈረምኩት» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ከእሱ ሥር፣ የቤተሰብ በሚለው ላይ።»

አማቷ ወደ እሷ ዞሩ። ዓይናቸው ገና አልለዘበም፤ አንዱን ጥርጣሬ ቀምተዋቸው ሌላ የሚፈልግ ዓይን ነው። «ቢሞትስ ኖሮ? ቢሞት ለእኔ ምን ልትይኝ ነበር?»

«እሱን ነው ሳስብ የዋልኩት» አለች። «ቀዶ ጥገናው አራት ሰዓት ተኩል ነው የፈጀው። በሩ ላይ መብራት አለ፤ እስኪጠፋ እሱን እያየሁ ስለ እርስዎ ነበር የማስበው። እንዴት ብዬ እደውላለሁ፣ ምን ብዬ እጀምራለሁ፣ ሥልጠና ሄዷል ያልኩትን ምን አደርገዋለሁ እያልኩ።»

«ማን ነበር ከአንቺ ጋር?»

«ማንም።»

«ብቻሽን?»

«ብቻዬን።»

አማቷ ረዥም ጊዜ አዩዋት። ይቅርታ አላሉም፤ በኋላም አላሉም፣ እንዲህ ዓይነት ቃል በዚያ ቤተሰብ ውስጥ ከአፍ ሲወጣ የሰማ የለም። ልጃቸውን ግን ሸሚዙን በጥፊ የመምታት ያህል ጎትተው ሸፈኑለት። «ልበስ፣ ይበርድሃል» አሉት። «አንተ ደግሞ አፍህን ምን ቆረጠው? ሆድህን ነው የቆረጡህ።»

እህትየው ብርቱካኑን ወጥ ቤት ወስዳ አስቀምጣ፣ ልጄ ብቻውን ነው ብላ ሳይመሽባት ሄደች። ባልየው ሚስቱን ተከትሎ ወጥ ቤት ገባ። ጎኗ ቆመ። «ተናገርኩ እኮ» አላት። ድንች እየላጠች ነበር፤ ቀና አላለችም። «ኩባያውን ከጠጣሁ በኋላ» አለችው። «መርዝ ሲሉኝ ግን ምንጣፍ ታይ ነበር።» ቢላዋ ፈልጎ ከጎኗ ድንች መላጥ ጀመረ፤ እሷም አልከለከለችው፣ ቦታም አልለቀቀችለትም።

ለእራት የተቀመጡት ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ ነው። ለባሏ ሦስት ማንኪያ የተፈጨ ድንችና መዳፍ የማታክል ዓሣ አቀረበች፤ ለአማቷ ሾርባና ዳቦ። ከዚያ አንድ ትልቅ ሳህን አወረደች። ባሏ ከሆስፒታል ከወጣ ጀምሮ ልብስ ሰፊዋ ተቀምጣ በልታ አታውቅም ነበር፤ እንዳላስጎመጀው፣ እንዳላሳዝነው እያለች ወጥ ቤት ውስጥ ቆማ፣ ከድስቱ ላይ፣ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ነው የምትበላው፤ አንዳንዴ መብላቱንም ትረሳው ነበር። ዛሬ ሳህኑን በድንች ሞላችው፣ ዓሣውን ደረበችበት፣ ዳቦዋን ያዘችና ከሁለቱ መሀል ወንበር ስባ ተቀመጠች። በላች። በዳቦ እየጠረገች፣ ሳትቸኩል፣ ማንንም ሳታይ በላች። ባሏ ማንኪያውን እንደያዘ አንድ ጊዜ ጉሮሮው ሲንቀሳቀስ ታያት። አላቋረጠችም።

አማቷ ሾርባቸውን ትተው ያዩዋት ነበር። ዓይናቸው እንደ ጠዋቱ ከእጅ ወደ አፍ አይመላለስም፤ ፊቷን ነው የሚያዩት፣ አጥንቱ የወጣ ጉንጯን። ሳህኗ ወደ ማለቁ ሲደርስ ጭልፋውን በራሳቸው እጅ አንሥተው ወደ እሷ አዞሩት።

«ጨምሪ እንጂ» አሏት።

ጨመረች።